ውጤቱ ደርሷል፣ በሩ አልተዘጋም፦ በወረርሽኙ ዘመን ክፍሉን ከፍቶ የቆየ ዩኒቨርሲቲ (የጉዳይ ጥናት)

በኮቪድ 19 የመጀመሪያ ዓመት አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የታያቸው ሁለት መንገድ ነበር፤ ግቢውን ዘግቶ በኢንተርኔት ማስተማር፣ አለዚያም ከፍቶ የሚመጣውን መቀበል። በአሜሪካ በኧርባና ሻምፔይን የሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ መንገድ ሞከረ፤ ተማሪውን፣ መምህሩንና ሠራተኛውን በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመረመረ ግቢውን ክፍት ማቆየት። ሙከራው ገና በሁለተኛው ሳምንት ሊከሽፍ ደርሶ ነበር። ላቦራቶሪው ከመጀመሪያውም ደህና ይሠራ ስለነበር ችግሩም መፍትሔውም እዚያ አልነበረም። ይህን ጉዳይ መመዝገብ ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

የግለሰቦች ስም ሆን ተብሎ ተትቷል። ቀኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያው በሚያስፈልግበት ቦታ ተጠቅሷል።

መነሻው

ኧርባናና ሻምፔይን ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ከተሞች ናቸው። ከቺካጎ በስተደቡብ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው፣ በበቆሎና በአኩሪ አተር ማሳ መሐል ይገኛሉ። ዩኒቨርሲቲው ከ50 ሺህ በላይ ተማሪ አለው፤ በዚያ ሴሚስተር ብዙዎቹ ከቤታቸው ሆነው ለመማር ቢመርጡም ወደ ከተማዋ የሚመጣው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ነበር።

የሚኖሩበት ሁኔታ ሦስት ዓይነት ነው፤ ኋላ የሆነውን ለመረዳት ይህን መለየት ግድ ይላል። አዲስ ገቢዎች በብዛት በዩኒቨርሲቲው ዶርም ያድራሉ። ሌሎቹ ፍራተርኒቲና ሶሮሪቲ በሚባሉት የወንድና የሴት ተማሪዎች ማኅበራት ቤቶች ውስጥ በደርዘን ሆነው ይኖራሉ። የቀሩት፣ በተለይ ከሁለተኛ ዓመት በላይ ያሉት፣ በግቢው ዙሪያ ከግለሰብ አከራይ አፓርታማ ተከራይተው አንድ ወጥ ቤትና አንድ መታጠቢያ እየተጋሩ ይኖራሉ። ዩኒቨርሲቲው ሙሉ ሥልጣን ያለው በመጀመሪያው ቡድን ላይ ብቻ ነው። በሁለተኛው ላይ ጥቂት ሥልጣን አለው፤ በሦስተኛው ላይ ግን የተማሪነት ደንቡን ከመጥቀስ በስተቀር ምንም የለውም።

ማርች 2020 ላይ ትምህርቱ ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ዞሮ ነበር። በአሜሪካ የበጋ ወራት አስተዳደሩ ኦገስት 24 (ነሐሴ 18 ቀን 2012) በአካል ለመክፈት ወሰነ፤ ትልልቅ ሌክቸሮች በኢንተርኔት ይሰጣሉ፣ ላቦራቶሪና አነስተኛ ክፍሎች በአካል ይቀጥላሉ፣ ከኖቬምበሩ የምስጋና በዓል በኋላም ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ይጠናቀቃል። በዚያው ሰሞን በሰሜን ካሮላይና ግዛት ቻፕል ሂል ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦገስት 10 ከፍቶ ኦገስት 17 የቅድመ ምረቃ ትምህርቱን በሙሉ ወደ ኢንተርኔት እንደሚመልስ አስታውቋል። ያ ግቢ የሚገባውን ተማሪ ሁሉ በር ላይ አልመረመረም ነበር። ስለዚህ ኢሊኖይ ሲከፍት የብዙ ሰው ዓይን ነበረበት።

ምርመራው

በ2020 የዓለም ችግር ምርመራ አለመታወቁ ሳይሆን የዕቃ እጥረት ነበር። አፍንጫ ውስጥ የሚገባው ረጅም የናሙና መውሰጃ ዘንግ፣ ናሙናው የሚቀመጥበት ፈሳሽ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቫይረሱን አር ኤን ኤ (የዘር መረጃውን የሚይዘውን ሞለኪውል) ከናሙናው ነጥሎ የሚያወጣው ኪት ከገበያ ጠፍተው ነበር። የዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ሦስቱንም የማይፈልግ መንገድ አዘጋጁ። ናሙናው ምራቅ ሆነ፤ አር ኤን ኤ የማውጣቱ ደረጃ ደግሞ እንዳለ ተዘለለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተመርማሪው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ምግብ አይበላም፣ አይጠጣም፣ ጥርሱን አይቦርሽም፣ ማስቲካ አያኝክም፣ አያጨስም። ድንኳን ወይም አዳራሽ ውስጥ ካለው ጣቢያ ሲደርስ መታወቂያውን ያስነብብና 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ አፉ ሰፊ፣ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ቱቦ ይቀበላል። ራቅ ብሎ ቆሞ ማስኩን ዝቅ ያደርግና ምራቁን ያለ ኃይል ወደ ቱቦው ያወርዳል። እንትፍ ማለት አይፈቀድም፤ አረፋ ይበዛበታል፣ አረፋ ደግሞ የመለኪያ ቧንቧውን ያሳስታል። የሚፈለገው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ አፉ የደረቀ ሰው ግን ለዚያም አምስትና አስር ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል። ልምድ ያላቸው ተማሪዎች ሎሚ እያሰቡ ይቆሙ ነበር ይባላል። ሎሚው ትዝታ እስከሆነ ድረስ የሚከለክለው ደንብ የለም።

ቱቦው ክዳኑ ሳይከፈት 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቀመጣል። ይህ አንድ እርምጃ ሦስት ሥራ ይሠራል። ቫይረሱን ስለሚገድል የላቦራቶሪው ሠራተኛ ያለ ስጋት ይነካዋል፤ ዝልግልጉን ምራቅ ስለሚያቀጥነው ሮቦቱ በትክክል ይቀዳዋል፤ አር ኤን ኤውን የሚያበላሹትን የምራቅ ኢንዛይሞችም ከጥቅም ውጭ ያደርጋል። ቀጥሎ ናሙናው መጠኑን ከሚያክል ማቅጠኛ ጋር ይቀላቀልና ጥቂት የማርጠቢያ ሳሙና ተጨምሮበት የዘር ቅንጣትን አባዝቶ ወደሚለየው ፒ ሲ አር ማሽን በቀጥታ ይገባል። ማሽኑ የቫይረሱን ሦስት ጂኖች ይፈልጋል። ሁለቱ ወይም ሦስቱ ከተገኙ ሰውየው ፖዘቲቭ ነው፤ አንዱ ብቻ ከታየ ውጤቱ አልለየለትም ተብሎ እንደገና ይታያል። ማሽኑ በትክክል መሥራቱን ለማረጋገጥ ጉዳት የሌለው ሌላ ቫይረስ ተጨምሮ አብሮ ይለካል፤ እሱ ካልታየ ውጤቱ አይቆጠርም።

ሥራው የተሠራው በእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ የምርመራ ላቦራቶሪ ነው። እዚያ ከብትና አሳማ በመንጋ መመርመር የዕለት ተዕለት ሥራ ስለነበር በቀን ሺህ ናሙና መቀበል፣ ባርኮድ መለጠፍ፣ በማሽን ማሰለፍ አዲስ ነገር አልሆነም። የሆስፒታል ላቦራቶሪ አንድን በሽተኛ በጥልቀት ለማየት የተደራጀ ነው፤ የመንጋ ላቦራቶሪ ግን ብዙውን በፍጥነት ለማየት ነው የተሠራው። ለዚህ ወረርሽኝ ያስፈለገው ሁለተኛው ነበር።

የአንዱ ምርመራ ዋጋ ወደ 10 ዶላር ገደማ ይገመት ነበር። በዚያው ጊዜ የአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን ፈጣን ለሆነ የላቦራቶሪ ምርመራ 100 ዶላር ይከፍል ነበር። አቅሙ በቀን 10 ሺህ ናሙናና ከዚያም በላይ ደረሰ። የፌዴራሉ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ግን ለዚህ ምርመራ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ የሰጠው በ2021 መጀመሪያ ላይ ነው።

በሳምንት ሁለት ጊዜ ለምን?

አንድ ተማሪ ሰኞና ሐሙስ ይመረመራል እንበል። ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ላይ ተያዘ። ሰኞ ምራቁ ውስጥ ገና ምንም የለም፤ ውጤቱ ኔጌቲቭ ይመጣል፣ እሱም ነፃ ነኝ ብሎ ይሄዳል። ረቡዕ ቫይረሱ መባዛት ይጀምራል። ሐሙስ ጧት አራት ሰዓት ላይ ናሙና ሰጠ። ውጤቱ ሐሙስ ማታ ከደረሰው ምናልባት ገና ለሰው ማስተላለፍ በጀመረበት ቀን ተገኘ ማለት ነው። ያው ውጤት ቅዳሜ ቢደርሰው ኖሮ የዓርብ ማታው ፓርቲ አልፏል። ትኩሳቱና ሳሉ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ በወጣት ላይ ደግሞ ጭራሽ ላይመጡ ይችላሉ። ሰው ሕመም ሲሰማው ብቻ የሚመረምር ግቢ ሁልጊዜ ቫይረሱን ከኋላ ነው የሚከተለው።

የምርመራው ድግግሞሽና የውጤቱ ፍጥነት ከማሽኑ ጥራት በላይ ያስፈለጉት በዚህ ምክንያት ነው። ውጤቱ በተማሪው ስልክ ላይ ባለ የዩኒቨርሲቲው መተግበሪያ ይደርስ ነበር። መተግበሪያው ላይ የመግቢያ ፈቃድ ይታያል፤ ምርመራው ያለፈበት ወይም ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ፈቃዱ ይነሳል፣ በሕንፃው በር ላይ የቆሙት ሠራተኞችም አያስገቡትም። መተግበሪያው በብሉቱዝ አማካይነት ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የማስጠንቀቅ አገልግሎትም ነበረው።

ሒሳቡ ያላሰበው

ዕቅዱን በቁጥር የፈተሹት የፊዚክስ ባለሙያዎች ነበሩ። የዋህ አልነበሩም። ተማሪው በሳምንት ሦስት ጊዜ ፓርቲ ይሄዳል ብለው ነው ያሰሉት፤ ማስኩም ብዙ እንደማይረዳ ገምተው ነበር። ከዚህ ሁሉ ጋር እንኳ ሁለት ጊዜ ምርመራ፣ ፈጣን ውጤትና ለይቶ ማቆያ አንድ ላይ ከሠሩ በሴሚስተሩ በሙሉ የሚያዘው ሰው ጥቂት መቶዎች ቢሆን ነው የሚል ስሌት ወጣ። መጀመሪያ ላይ ተማሪው ከየቦታው ይዞት የሚመጣው ስላለ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል የሚል ግምትም ነበር።

ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር። ፖዘቲቭ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ወደ ፓርቲ ይሄዳል ብለው አልጠበቁም።

በስሌቱ ውስጥ «ተገኘ» እና «ተለየ» አንድ መስመር ናቸው። በእውነተኛው ዓለም ግን በሁለቱ መካከል ሰው አለ፤ ያ ሰው ስልክ ላያነሳ ይችላል፣ የክፍል ጓደኛውን ስም ላይሰጥ ይችላል፣ «ምንም አላመመኝም» ብሎ ወደ ጎረቤት ሊሻገር ይችላል።

ሁለተኛው ሳምንት

ኦገስት 24 ትምህርት ተጀመረ። እስከ ሴፕቴምበር 2 (ነሐሴ 27 ቀን 2012) ድረስ ከ700 በላይ ሰዎች ፖዘቲቭ ሆነው ተገኙ። የሴሚስተሩ ሙሉ ግምት በአስር ቀን አለቀ ማለት ነው።

ላቦራቶሪው በትክክል ይሠራ ስለነበር የተበላሸው የት እንደሆነ ማየት አስቸጋሪ አልነበረም። አዲሶቹ ተጠቂዎች በፍራተርኒቲ ቤቶችና በግል አፓርታማዎች ዙሪያ ተከማችተው ነበር፤ ዶርሙ ውስጥ ነገሩ የተሻለ ነበር። ሦስት ዓይነት ብልሽት ተለየ። ፖዘቲቭ የሆኑ አንዳንድ ተማሪዎች ራሳቸውን አልለዩም፤ ወጡ፣ እንግዳም ተቀበሉ። ሌሎች ከአካባቢው የጤና ቢሮ ሲደወልላቸው አላነሱም፣ ቢያነሱም ንክኪዎቻቸውን አልተናገሩም። አንዳንዶቹ ደግሞ ፈቃዳቸው ተነስቶ ሳለ ሕንፃ ለመግባት መተግበሪያውን ለማታለል ሞከሩ።

በዚህ ላይ ሁሉንም «አመፅ» ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ አስተዳደሩም በወቅቱ በከፊል እንዲያ ነበር ያለው። ነገሩ ግን ከዚያ ሰፋ ይላል። በዶርም ያለ ተማሪ ፖዘቲቭ ሲሆን ለብቻው ወደተዘጋጀ ክፍል ይወሰዳል፣ ምግቡ በር ድረስ ይመጣለታል። በአፓርታማ ያለው ግን «ክፍልህ ውስጥ ሁን» ይባላል። ለአስር ቀን ማለት ነው። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ማቀዝቀዣው የጋራ ነው፣ አስቤዛ የሚገዛለት የለም፣ የሚሠራበት ምግብ ቤት ካልሄደ አይከፍለውም። ሁለቱም አንድ ዓይነት መልእክት በስልካቸው ደርሷቸዋል፤ የተሰጣቸው ግን አንድ አይደለም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሴፕቴምበር 2 ላይ የቅድመ ምረቃ ተማሪዎች ለሁለት ሳምንት ለአስፈላጊ ጉዳይ ብቻ እንዲወጡ ታዘዙ። ክፍል፣ ምግብ መግዛት፣ ምርመራ፣ ሥራ፣ አምልኮና ለብቻ የሚደረግ የአካል እንቅስቃሴ ተፈቀዱ፤ ስብሰባና ግብዣ ተከለከሉ። ከ100 በላይ ተማሪዎችና ማኅበራት በዲሲፕሊን ተጠየቁ፤ ወዲያው የታገዱም ነበሩ።

ለጉዳዩ ይበልጥ ያመዘነው ግን ሌላው እርምጃ ይመስለናል። ዩኒቨርሲቲው የራሱን ደዋይ ቡድን አቋቋመ፤ ግቡን በስሙ ላይ አኖረው፦ 30 ደቂቃ። አዲስ ፖዘቲቭ ውጤት ከወጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰውየው ጋ ይደወላል። ከጤና ቢሮው መደበኛ የንክኪ ክትትል ጎን ለጎን የሚሄድ እንጂ እሱን የሚተካ አልነበረም። ደዋዩ የሚጠይቀው ጥያቄ ጥቂት ነው፤ አሁን የት ነህ? ከማን ጋር ትኖራለህ? ምን ያስፈልግሃል? ከዚያ አብረውት የሚኖሩት በቶሎ እንዲመረመሩ ይደረጋል። ያ ግማሽ ሰዓት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ወጣት ፖዘቲቭ መሆኑን ካነበበ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ለማን እንደሚናገር፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስንበት ነው። በማግስቱ የሚደውል ሰው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ በደቂቃ ይለካል።

ሦስተኛው ለውጥ የምርመራው ድልድል ነው። ለሁሉም እኩል ሁለት ጊዜ መሆኑ ቀረ። በሽታው በተከማቸባቸው የጋራ ቤቶች የሚኖሩ ተማሪዎች በሳምንት ሦስት ጊዜ እንዲመረመሩ ተደረገ፤ ከተማሪ ጋር ብዙ የማይገናኙ ሠራተኞች ወደ አንድ ጊዜ ዝቅ አሉ። የላቦራቶሪው ሸክም ሳይጨምር ፍለጋው እሳቱ ወዳለበት ዞረ።

በ2021 መጀመሪያ በተከፈተው ቀጣዩ ሴሚስተር ደግሞ የሚቀሩት ላይ ተጠበቀ፤ ምርመራውን የተወ ተማሪ የግቢውን ዋይ ፋይና የትምህርት መድረኮችን እንዳይጠቀም ይደረግ ጀመር። ከቅጣት ደብዳቤ የበለጠ የሠራው ይህ ቢሆን አይገርምም።

የሠራው፣ ያልሠራው

በኦገስት መጨረሻ በቀን 200 ገደማ የነበረው አዲስ ተጠቂ በሴፕቴምበር ውስጥ ወረደ፤ ከተመረመሩት ፖዘቲቭ የሚሆኑት ከመቶ አንድ በታች ሆኑ። ሴሚስተሩ በታቀደው መሠረት እስከ ምስጋናው በዓል ድረስ በአካል ቀጠለ። ዩኒቨርሲቲው ኋላ ባሳተመው ጥናት በዚያ ሴሚስተር ከ1 ሚሊዮን በላይ ምርመራ መደረጉን፣ ከግቢው ማኅበረሰብ በኮቪድ ምክንያት ሆስፒታል የገባም የሞተም አለመኖሩን፣ በዙሪያው ባለው የሻምፔይን ካውንቲ የሞት መጠን ከሚጠበቀው ከአራት እጥፍ በላይ ዝቅ ማለቱን ዘግቧል። የመጨረሻውን ቁጥር በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፤ ማስክ፣ በየክፍሉ የሚቀመጠው ተማሪ ማነሱና የከተማው ደንብም ድርሻ አላቸው፣ አንዱን ከሌላው ነጥሎ መመዘን አይቻልም። ሆኖም «ተማሪዎቹ ከመጡ ከተማውን ይጨርሱታል» የሚለው ፍርሃት በዚያ ቦታ አልተፈጸመም።

ያልሠራውም አለ። የብሉቱዝ ማስጠንቀቂያው የሚረዳው ብዙ ሰው በፈቃዱ ሲከፍተው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከስልክ ጥሪው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ጥቅል የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎች ብዙ ነበሩ፤ ደብዳቤው በበዛ ቁጥር የሚነበበው እንደሚያንስ የተማሪ ሕይወት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ሌላው፣ በብዛት መመርመር ራሱ ስህተት ይወልዳል። ለምሳሌ ምርመራው ከሺህ ጤነኛ አንዱን ብቻ በስህተት ፖዘቲቭ ቢል፣ በቀን 10 ሺህ ሰው ሲመረመር 10 ጤነኞች ይታሰራሉ። በእውነት የተያዙት በቀን 200 ከሆኑ እነዚያ 10 አይታዩም። የተያዙት ወደ 30 ሲወርዱ ግን ፖዘቲቭ ከተባሉት 40 ሰዎች ሩቡ ጤነኛ ነው። በሽታው በቀነሰ ቁጥር የተማሪው «ተሳስታችኋል» የማለት መብት ይጨምራል። ስለዚህ ፖዘቲቭ የወጣውን ናሙና ደግሞ መፈተሽና የይግባኝ መንገድ መክፈት ከመጀመሪያው በዕቅድ መግባት አለበት። በተቃራኒው ደግሞ ያገገመ ሰው ለሳምንታት በፒ ሲ አር ፖዘቲቭ ሊወጣ ስለሚችል ለ90 ቀን ከምርመራ ነፃ ይደረግ ነበር፤ መተግበሪያው ይህን ካልመዘገበ ጤነኛውን ሰው በር ላይ ያስቆመዋል።

ከአጥሩ ውጭ

ጉዳዩ ከግቢ አልፎ የሚነሳው ጥያቄ የፍትሕ ነው። የ20 ዓመት ተማሪ በሳምንት ሁለቴ በነፃ ሲመረመር፣ በዚያው መንገድ ላይ ያለ የምግብ መደብር ገንዘብ ተቀባይ መጀመሪያ ላይ ያንን ዕድል አላገኘችም። ተማሪው ቢይዘው በአብዛኛው ይተርፋል፤ እሷ ግን ስኳር ያለባት እናቷ ጋ ልታደርሰው ትችላለች። ዩኒቨርሲቲው ሀብቱ የራሱ ነው፣ የመጀመሪያ ኃላፊነቱም ለራሱ ሰዎች ነው፤ ይህ መልስ ትክክል ቢሆንም አያረካም።

ሌላው፣ ተግሣጹ በግለሰብ ላይ መውደቁ ነው። ተማሪውን ወደ ከተማ የጠራው ማን ነው? የዶርም ኪራይና የምግብ ክፍያ የዩኒቨርሲቲ በጀት አካል ነው፤ ለአፓርታማ የተፈረመ ውል ትምህርቱ በኢንተርኔት ቢሆንም አይቀርም። 18 ዓመት የሞላቸውን በአስር ሺዎች አንድ ቦታ ሰብስቦ አትሰብሰቡ ማለት ፖሊሲ ሊሆን የሚችለው የሚገናኙበት ሌላ መንገድ ሲዘጋጅላቸው ነው፤ ለምሳሌ ክፍት ሜዳ ላይ፣ በትንሽ ቁጥር፣ ወንበር ተራርቆ። ሁሉን ነገር የከለከለ ግቢ ጭፈራውን ወደ ምድር ቤት ነው የሚያወርደው፣ ምድር ቤት ደግሞ መስኮት የለውም።

ለሌላ ግቢ የሚሻገረው

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ተጠቂ መጋቢት 4 ቀን 2012 ከተገኘ በኋላ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት በሦስት ቀን ውስጥ፣ መጋቢት 7 ነው። ኋላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተሸኙ፤ አንዳንድ ግቢዎችም ከውጭ ለሚመለሱ ሰዎች ለይቶ ማቆያ ሆኑ። ሲከፈት ተመራቂዎች ቀድመው ተጠሩ። በአንድ ክፍል ባለ ፎቅ አልጋ ደርድሮ ለሚያሳድር፣ ለምሳ በአንድ ካፌ በር ለሚያሰልፍ ግቢ በሮቦት የሚሠራ ላቦራቶሪ መቅዳት አይቻልም። የተማሪውን ቁጥር በመክፈል መጀመር ግን ይቻላል፤ የሆነውም ያው ነበር፣ ልክም ነበር።

ከኢሊኖይ የሚቀዳው የሰዓት ሒሳቡ ነው። አንድ ግቢ የኩፍኝ፣ የኮሌራ ወይም የጉንፋን ወረርሽኝ ሲመጣበት ከመሣሪያ ግዢ በፊት ሊለካው የሚገባ ነገር አለ፤ በሽተኛው ከታወቀበት ደቂቃ ጀምሮ በተለየ ክፍል ውስጥ በር እስኪዘጋለት ስንት ሰዓት ያልፋል? ልኬቱን በአንድ የልምምድ ቀን መሥራት ይቻላል። አንድ ተማሪ «ታሟል» ተብሎ ይመደባል፣ ሰዓት ይያዛል፣ ክሊኒኩ ለማን እንደሚደውል፣ ፕሮክተሩ መቼ እንደሚሰማ፣ ፍራሹና ውሃው መቼ እንደሚደርስ ይጻፋል። አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው በምርመራ ላይ እንዳልሆነ ያኔ ይታያል፤ ደብዳቤ የሚፈርም ሰው ሲፈለግ ነው።

የክፍሎቹ ሒሳብም ከባድ አይደለም። በቀን የሚጠበቁ አዲስ በሽተኞች ቁጥር ተለይተው በሚቆዩበት ቀን ይባዛል። በቀን 20 ሰው ቢገኝ፣ እያንዳንዱ 10 ቀን ቢቆይ፣ 200 አልጋ ያስፈልጋል፤ ክፍሉን ለማጽዳትና ለማናፈስ አንድ ቀን ሲታከል 220። በኢሊኖይ በከፋው ሰሞን እንደታየው በቀን 200 ቢሆን 2 ሺህ አልጋ ይጠይቃል፣ ያንን የሚችል ግቢ የለም። ስለዚህ ጣሪያው አስቀድሞ ይወሰናል፤ አልጋው ሦስት አራተኛ ሲሞላ በአካል የሚሰጠው ትምህርት ለሁለት ሳምንት ይቆማል ተብሎ ከመከፈቱ በፊት ይጻፋል። አልጋው ሞልቶ በሴኔት ስብሰባ ላይ የሚደረግ ክርክር ዘግይቷል።

ለብቻው ለሚቀመጠው ተማሪም ዝርዝሩ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ በቀን ሦስቴ ምግብ በር ላይ የሚያኖር ሰው፣ ለአስር ቀን የሚበቃ ሳሙናና የመጠጥ ውሃ፣ የስልክ ካርድ፣ ያመለጠውን ፈተና የሚመልስለት ከዲፓርትመንቱ የተጻፈ ማረጋገጫ። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ፈተና እንደሚያልፈው የሚያስብ ተማሪ ሳሉን ይደብቃል፤ እንደሚመለስለት በጽሑፍ የያዘ ራሱ ወደ ክሊኒኩ ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ በሁሉም ግቢ ይረሳል፤ የቅዳሜና የእሑድ ተረኛ። ሰው የሚሰበሰበው ዓርብ ማታ ነው፣ ቢሮ የሚዘጋውም ዓርብ ማታ ነው። የለይቶ ማቆያው ሕንፃ ቁልፍ በዚያ ሰዓት በማን ኪስ እንዳለ፣ ስልክ ቁጥሩም ስንት እንደሆነ በእያንዳንዱ ዶርም መግቢያ ላይ ተጽፎ መለጠፍ አለበት።